ድንጋዩ ባለቤት አለው፦ «ለድንጋይ ክምር የባከነ ቅዳሜ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ አሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በፊኒክስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሰሞኑን ስንቀባበለው የሰነበትነው «ለድንጋይ ክምር የባከነ ቅዳሜ» የተሰኘ ጽሑፍ ከእኔም ዘንድ ደርሶ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው ከከተማችን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ኬርፍሪ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ በቶንቶ ብሔራዊ ደን ውስጥ የሚገኘውን ሲርስ ኬይ የተባለ ጥንታዊ የኮረብታ ላይ ምሽግ ከነቤተሰባቸው ጎብኝተው የታዘቡትን ነው የጻፉት። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ቦታው የድንጋይ ክምር እንጂ ቅርስ አይባልም፤ ምሽግ በመሆኑ የሠሩት ሰዎች ከጦርነት በቀር ሌላ ሕይወት አልነበራቸውም፤ በረሃው ምንም ስለማያበቅል ረኀብ አባርሯቸዋል፤ ዘራቸውም ጠፍቷል፤ በ1867 የአሜሪካ ፈረሰኛ ወታደሮች ባያገኙት ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር፤ መሄድ የሚፈልግ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት በሐምሌ፣ ሰው በማይበዛበት በቀትር ይሂድ፤ ሲመለስም እንደ እሳቸው አንዲት የሸክላ ስባሪ ለመታሰቢያ ቢይዝ የሚጠይቀው የለም።

ብዙዎቻችን ቅዳሜንና እሑድን በተደራራቢ ሥራ ወይም በእንቅልፍ በምናሳልፍበት አገር ልጆቻቸውን ይዘው ኮረብታ መውጣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ጽሑፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ስለሆነና ከተሳሳቱት ነጥቦች ሁለቱ አንባቢን ለአደጋና ለወንጀል የሚዳርጉ በመሆናቸው ዝም ማለቱን አልወደድሁም። ኮረብታው ላይ በተለያየ ጊዜ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋይ ክምርነቱ ልጀምር። ጸሐፊው «ላሊበላን ያየ ዓይን ይህን አያይም» በሚል መንፈስ ጽፈዋል። በኮረብታው ጫፍ ላይ ዛሬ የሚታየው ግድግዳ አብዛኛው ከጉልበት ወይም ከወገብ እንደማያልፍ፣ ከመንገዱ ዳር የቆሙት የማብራሪያ ሰሌዳዎችም አጫጭር እንደሆኑ አልክድም። ንጽጽሩ ግን ከመሠረቱ የተዛባ ነው። ላሊበላ ቤተ መቅደስ ነው፤ ሲርስ ኬይ ሰው ያደረበት፣ እሳት የነደደበት፣ ልጅ ያለቀሰበት መንደር ነው። ማወዳደር ግድ ከሆነ ከመንደሩ ጋር መወዳደር ያለበት ያንን ዓለት ሲፈለፍሉ የዋሉት ሠራተኞች ማታ ማታ የሚገቡበት ቤት ነው። የእነዚያ ሠራተኞች ቤት ዛሬ የት አለ? ተመራማሪዎች የሲርስ ኬይ ነዋሪዎች ከ1050 እስከ 1200 ገደማ በቦታው እንደኖሩ ይገምታሉ፤ ስለዚህ የመንደሩ የመጨረሻ ትውልድና የንጉሥ ላሊበላ ትውልድ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ የተራ ሰው ቤት ግድግዳው እስከ ወገብ ቆሞ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ክምር አይደለም። ክምር ሥርዓት የለውም፤ ይህ ግን አለው። ዙሪያውን በግንብ የታጠሩ አራት ቅጥር ግቢዎችና ለብቻቸው የቆሙ ጥቂት ቤቶች፣ በጠቅላላው 40 ያህል ክፍሎች አሉት። ድንጋዩ እየተመረጠ በጭቃ ተያይዞ ተነሥቷል፤ በላዩም የእንጨት ወጋግራ ተጋድሞ፣ ጭራሮ ተረብርቦበት በጭቃ ተመርጎ ነበር። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ጣሪያው የሚጠግነው ሲያጣ በመጀመሪያ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ቀጥሎ ዝናቡ ከድንጋዩ መካከል ያለውን ጭቃ ይልሰዋል፣ በመጨረሻም የግድግዳው የላይኛው ግማሽ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይናዳል። ስምንት መቶ ዓመት ይህ ሲደጋገም የሚተርፈው ጸሐፊው ያዩት ነው። ለመሆኑ «አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል» ያሉትስ እንዴት ቢሮጡ ነው? ዙሪያ መንገዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ግማሹ ዳገት ነው። እኔ ያለ ልጅ በሄድሁ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጨርሼው አላውቅም። ከክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ ግድግዳ የኮረብታውን ነፋስ ጨርሶ እንደሚያቆመውና ሰው ለምን እዚያ ቤት እንደሠራ ሰውነት ራሱ ቀድሞ እንደሚረዳው ያስተውሉ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ምሽግ የሚለው ቃል ነው። ቦታው የተመሸገ መንደር መሆኑን ተመራማሪዎችም ይናገራሉ፤ ኮረብታው ገደላማ ነው፣ ግቢዎቹ ታጥረዋል፣ ከላይ ሆኖ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ማየት ይቻላል፤ በምሥራቅ በኩል እስከ ማዛትዛል ተራሮች ድረስ ዓይን የሚያግደው የለም። በመካከለኛው አሪዞና እንዲህ ያሉ የኮረብታ ላይ ሰፈሮች ብዙ በመሆናቸው ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው በጭስ ወይም በእሳት ይጠራሩ እንደነበር የሚያስቡ ምሁራን አሉ። ጥቃት ይፈሩ አልነበረም የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ ጸሐፊው «ምሽግ ነው» ከሚለው ተነሥተው «ስለዚህ ኑሯቸው ጦርነት ነበር» ወደሚለው በዘለሉበት ዝላይ ላይ ነው።

መንደሩ እጅግ በሞላበት ጊዜ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር ይገመታል። ከመቶው ሕፃናቱን፣ አረጋውያኑንና ነፍሰ ጡሮቹን ቀንሱ፤ ጦር መያዝ የሚችል ስንት ይቀራል? ሠላሳ ሰው ይዞ ማንም ዘማች አይባልም፤ በሩን ዘግቶ የሚያድር ገበሬ ቢባል ነው የሚስማማው። ለዚህ እሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የኮንሶን መንደሮች እናስብ። በኮረብታ ላይ ተሠርተው ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው፤ ቦታቸውም ለመከላከል እንዲመች የተመረጠ ነው። ሆኖም በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ ምድር የታወቀው በእርከኑ፣ በእርሻውና በጉልበቱ ነው። ያንን ካብ የካበው እጅና ያንን እርከን የሠራው እጅ አንድ ነው። የኮንሶን ሰው «ካብ ስላለህ ከጦርነት ሌላ ሕይወት የለህም» የሚለው የለም።

ስያሜ ራሱ የሚያሳስት መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ቦታም ልጨምር። ከአሪዞና ድንበር ወዲያ፣ በሜክሲኮ ሶኖራ ክፍለ ሀገር፣ ሴሮ ደ ትሪንቼራስ የሚባል ኮረብታ አለ። ስፓኞች ዳገቱን ከላይ እስከ ታች የሸፈነውን የድንጋይ ካብ ከሩቅ አይተው የጦር ምሽግ መስሏቸው «ትሪንቼራስ» አሉት። በኋላ ጥናት ሲደረግ ካቡ ከ900 በላይ እርከኖች ሆነው ተገኙ፤ ከ1300 እስከ 1450 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ቤቱን በእርከኖቹ ላይ ሠርቶ ይኖርባቸው ነበር፤ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውና ሥርዓተ እምነት የሚፈጸምባቸው ሥፍራዎችም ነበሩ። ወታደር የሆነ ሰው ካብ ሲያይ ምሽግ ይታየዋል፣ ገበሬ ሲያይ እርከን ይታየዋል። ስም የማውጣት ዕድል የደረሰው ግን ለወታደሩ ነበር።

በረሃው ምንም አያበቅልም የተባለው ግን በጣም አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ራሳቸው ወደ ኮረብታው ሲወጡ በአብቃዮቹ መካከል ነው ያለፉት። በረሃ ሌላ፣ ምድረ በዳ ሌላ ነው። የሶኖራ በረሃ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብለታል፤ በብርዱ ወራት ቀስ ብሎ የሚያረሰርስ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ በነጎድጓድ የሚወርድ። እነዚያ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ የቆሙት ረጃጅም ቁልቋል መሰል ተክሎች ሳግዋሮ ይባላሉ። አንዱ ሳግዋሮ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ለማውጣት ከሃምሳ እስከ መቶ ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ፍሬው በሰኔ ይበስላል፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ኦኦዳም ፍሬውን የሚያወርዱት ከሞተ ሳግዋሮ ውስጥ የሚወጣውን ረጅም የእንጨት አጽም እንደ ፍሬ ማውረጃ ዘንግ አድርገው ነው። ፍሬው ተቀቅሎ እንደ ማር የወፈረ ጣፋጭ ይወጣዋል፤ ከዚያም መጠጥ ተጠምቆ ዝናብ በሚለመንበት ሥርዓት ላይ ይቀርባል። ይህ ዛሬም የሚደረግ ነው።

ከእግር በታች ደግሞ አጋቬ አለ፤ በአገራችን ቃጫ የሚገኝበት ተክል የቅርብ ዘመዱ ነው። እኛ ቃጫውን ገመድ እናደርገዋለን፣ እነሱ ግን ገመዱን ብቻ ሳይሆን እምብርቱንም ይፈልጉት ነበር፤ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በእሳት የጋለ ድንጋይ ረብርበው፣ የአጋቬውን እምብርት አዳፍነው አንድ ሁለት ቀን ሲያበስሉት እንደ ስኳር ይጣፍጣል። በዳገት ላይ ትናንሽ የድንጋይ ጉብታዎችን ሠርተው አጋቬውን በጉብታዎቹ ሥር ይተክሉ እንደነበር በደቡብ አሪዞና በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ድንጋዩ እርጥበት ይይዛል፣ ፀሐይም መሬቱን እንዳታደርቀው ይከላከላል። መስኪት የሚባለው እሾሃማ ዛፍ፣ በአፋር ምድር ተዛምቶ ከብት አላስገባ ያለው የፕሮሶፒስ ዘመድ፣ እዚህ ዱቄት የሚፈጭበት ፍሬ ይሰጣል። ቴፓሪ የሚባል በጥቂት ዝናብ የሚደርስ ባቄላ አለ። በለስም አለ፤ ትግራይ ውስጥ እንደ አገር ተወላጅ የምናየው በለስ መጀመሪያ የመጣው ከዚህ ከአሜሪካ ምድር ነው። የሚፈጭ ነገር ባይኖር ኖሮ በዚህ ዓይነት መንደሮች ወፍጮና መጅ ባልተገኘ ነበር።

ከኮረብታዎቹ በታች፣ ዛሬ ፊኒክስ በተዘረጋችበት ሜዳ ላይ፣ የእነዚሁ ሰዎች ወገኖች በሶልት ወንዝ ዳርና ዳር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የመስኖ ቦይ ቆፍረው በቆሎና ጥጥ ያለሙ ነበር። በሬ አልነበራቸውም፣ ፈረስ አልነበራቸውም፣ መንኰራኩርም አልነበራቸውም። በእንጨት መቆፈሪያ ቆፍረው በቅርጫት ነው አፈሩን ያወጡት። ቦዩ የሚቆፈርበት ተዳፋት ጥቂት ከበዛ ውኃው አፈሩን እየጠረገ ይወስደዋል፣ ጥቂት ካነሰ ደለሉ ይሞላዋል፤ እነሱ ግን ያለ መለኪያ መሣሪያ አስተካክለውታል። ጸሐፊው «ድኩማን» ያሏቸው እነዚህን ነው።

በረኀብ ተባረሩ ስለተባለውም፣ መልቀቅና ማለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲርስ ኬይ በ1200 ገደማ ሰው ለቀቀው፤ በሶልትና በጊላ ወንዞች ዳር ያሉት ትልልቅ ከተሞች ግን ከዚያ በኋላ እስከ 1450 አካባቢ ድረስ ቆይተዋል። ይልቁንም ታላላቅ ግንባታዎቻቸው የተሠሩት በዚሁ ጊዜ ነው። አንድ መንደር ባዶ ስለሆነ ሕዝቡ አለቀ ማለት፣ አያቴ የተወለዱበት ቀዬ ዛሬ ሰው ስለሌለበት እኔ የለሁም እንደማለት ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝ ነጥብ ላይ ደረስሁ። ቦታውን በ1867 ያገኙት ፎርት ማክዳወል ከተባለው የጦር ሰፈር የመጡ ፈረሰኛ ወታደሮች መሆናቸውን ጸሐፊው ጠቅሰዋል፤ ይህ በእርግጥም በመዝገብ ያለ ነው። ነገር ግን ወታደሮቹ እዚያ ምን ያደርጉ ነበር? ፎርት ማክዳወል የተመሠረተው በ1865 ሲሆን ዋና ሥራው በአካባቢው የሚኖሩትን የአፓቼና የያቫፓይ ሕዝቦች መውጋት ነበር። ሰው በሌለበት አገር ላይ ጦር አይሰፍርም። ያቫፓዮቹ ዛሬም በዚያው በፎርት ማክዳወል የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ከወታደሮቹ 173 ዓመት ቀደም ብሎም፣ በ1694፣ አባ ኤውሴቢዮ ኪኖ የተባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ከፊኒክስ በስተደቡብ የሚገኘውን ካሳ ግራንዴ የተባለ ባለ አራት ፎቅ የጭቃ ሕንፃ አይተው ጽፈዋል፤ ስለ ሕንፃው የነገሯቸው በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ኦኦዳም ናቸው። እንግዳ መርቶ ከአያቱ ቤት ደጃፍ ያደረሰ ሕዝብ ቤቱን አያውቀውም ሊባል አይችልም።

ስሙም ቢሆን የሚያሳዝን ነው። «ሲርስ ኬይ» በ1887 በአቅራቢያው የከብት እርባታ ከመሠረተ ሲርስ ከተባለ ሰው እርባታ የተወሰደ ነው፤ ከመንደሩ ሠሪዎች ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም። ሕዝቡን ተመራማሪዎች «ሆሆካም» ይሏቸዋል፤ ይህም «ሁሁጋም» ከሚለው የኦኦዳም ቃል ተጣምሞ የመጣ ነው። ሁሁጋም ያለፉት፣ ቀደምቶቻችን እንደማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕዝቡ የጠፋ ነው የሚለውን ወሬ የምናወራው ዘሮቹ ለአያቶቻቸው ባወጡት ስም ነው። አኪመል፣ ቶሆኖና ሌሎቹ የኦኦዳም ሕዝቦች ዛሬ በአራት ዋና ዋና የራስ ገዝ ግዛቶች ይኖራሉ፦ በጊላ ወንዝ፣ በሶልት ወንዝ፣ በአክ ቺንና በቶሆኖ ኦኦዳም። ሆፒዎችም ከአባቶቻቸው አንዳንዶቹ ከዚህ እንደመጡ ይተርካሉ።

ጸሐፊው የተነሡት ከቴምፒ እንደሆነ ጽፈዋል። ከቴምፒ ወደ ሰሜን የሚያወጣው ሉፕ 101 አውራ ጎዳና ስሙ «ፒማ ፍሪዌይ» ነው፤ ፒማ ደግሞ ስፓኞች ለኦኦዳም ያወጡት ስም ነው። መንገዱ ከስኮትስዴል ጎን የሚያልፈው በሶልት ወንዝ ማኅበረሰብ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ጠፉ ባሏቸው ሰዎች ስም በተሰየመ መንገድ፣ ጠፉ ባሏቸው ሰዎች መሬት ላይ ነድተው፣ ምናልባትም በነዳጅ ማደያቸው ቤንዚን ቀድተው ነው ኮረብታው ጋ የደረሱት።

የከተማችንም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ወታደሮቹ ኮረብታውን ባዩበት በዚያው በ1867፣ ጃክ ስዊሊንግ የተባለ ሰው ሶልት ወንዝ ዳር የተደፈኑትን የጥንት ቦዮች አይቶ የውኃ ኩባንያ አቋቋመ፤ ከአሮጌዎቹ ቦዮች አንዳንዶቹ ተጠርገው ውኃ መልሰው ወሰዱ። ዳረል ዱፓ የተባለው ባልንጀራው ደግሞ አዲስ ከተማ ከጥንቱ ፍርስራሽ ይነሣል ብሎ ከአመዷ በምትነሣው ወፍ ስም ፊኒክስ እንድትባል ሐሳብ አቀረበ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ታክሲ አቁመን ተራ የምንጠብቅ ሰዎች እንኳ ጥቂት ደቂቃ ብንነዳ ያንን የጥንት ከተማ ጉብታና ቦይ የምናይበት ሙዚየም አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ፑብሎ ግራንዴ ይባል ነበር፤ በ2023 ስሙ በኦኦዳም ቋንቋ ሴዳቭ ቫአኪ ሆኗል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከወንዙ በላይኛው በኩል የሰፈሩት አዳዲስ ገበሬዎች የጊላን ወንዝ ጠልፈው ሲወስዱት የወንዙ ልጆች የሆኑት አኪመል ኦኦዳም እርሻቸው ደርቆ ለረኀብ ተዳረጉ። ጸሐፊው የፈለጉት ረኀብ ካለ እዚህ ጋ አለ፤ ያመጣው ግን በረሃው አይደለም። በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ስንት ዘመን ከተሟገቱ በኋላ በ2004 በወጣ ሕግ ለጊላ ወንዝ ማኅበረሰብ በዓመት 653,500 ኤከር ጫማ፣ ማለትም ወደ 800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ተወሰነለት። የጠፋ ዘር ይህን ያህል ውኃ ተከራክሮ አያስመልስም።

ስለ ሐምሌው ምክር ብዙ አልልም፤ ግን በግልጽ እላለሁ፦ አትሂዱ። በ2023 ፊኒክስ ውስጥ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አልወረደም። በዚያው ዓመት በማሪኮፓ አውራጃ ከሙቀት ጋር በተያያዘ 645 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተራራ ወጪዎች ባይሆኑም ሙቀቱ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ይበቃል። ከተማው እንደ ካሜልባክ ባሉ ተራሮች ላይ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን የቀትሩን መንገድ የሚዘጋው በከንቱ አይደለም። ኮረብታው ላይ ከፀሐይ የሚያስጥል ዛፍ የለም፤ በሐምሌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይመጣል፣ መብረቅ ባለበት ሰዓት በኮረብታ ጫፍ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለገጠር ልጅ አይነገርም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጧት ሂዱ፤ ውኃ ከቤታችሁ ያዙ፤ አንድ ሚዶም በኪሳችሁ ይኑር። ቾያ የሚባለው ቁልቋል እሾሃም አንጓው ገና ሲነኩት ተቆርጦ ከልብስና ከሥጋ ላይ ይጣበቃል፤ በእጅ ላወጣ ያለ ሰው እጁንም ያስነድፋል፣ በሚዶ ጥርስ ግን ከሥሩ ገብቶ በአንዴ ማሽቀንጠር ይቻላል።

የቀረኝ የሸክላዋ ነገር ነው። ጸሐፊው «የጥፍር ያህል ቀይ ሥዕል ያለባት» ገል አንሥተው ወደ ቤታቸው እንደወሰዱ፣ ማንም እንዳልከለከላቸው ጽፈዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን እንዲህ ያለ ነገር ከፌዴራል መሬት ላይ ማንሣት በ1979 በወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብቶች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊቀጣ ይችላል፤ የነገሩ ዋጋና ጉዳቱን ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከ500 ዶላር ካለፈ ቅጣቱ ወደ 20,000 ዶላርና ሁለት ዓመት ከፍ ይላል። ዜግነቱን በመጠባበቅ ላይ ያለ አንባቢ እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቶ ምን ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ጸሐፊው አስበውበት አይመስለኝም።

ሕጉን ግን ለጊዜው እንተወው። ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች በዚያው ኮረብታ ላይ አንዲት ገል አግኝታ ነበር። ሥዕል የሌላት፣ በውጭ በኩል ጭስ ያጠቆራት ተራ ገል ነበረች፤ በውስጥ በኩል ግን የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጎድጎድ ያለ ምልክት አለባት። የሆሆካም ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ከውስጥ በድንጋይ ደግፈው ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ያሳሱት ስለነበር ድንጋዩ ያረፈበት እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ልጄ አውራ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና፣ በምን አቅጣጫ ተኝታ እንዳገኘቻት ጠይቃኝ፣ እንደነበረች መልሳ አስተኛቻት። ተራ ገል መሆኗ ነው ያቆያት፤ ጎብኚ ሁሉ የሚያነሣው ሥዕል ያለባትን ነውና። በደብዛዛ ቢጫ ላይ በቀይ የተሣለው ሸክላ ሥዕሉ ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚለዋወጥ ተመራማሪ የአንድን ቤት ዕድሜ የሚያውቀው በእሱ ነው። ሥዕል ያለባቸው ሁሉ ተለቅመው ሲያልቁ ቤቱ ዕድሜውን የሚናገርበት አንደበት ያጣል። ያኔ ደግሞ ሌላ ጸሐፊ መጥቶ ስለነዚህ ሰዎች የሚታወቅ ነገር የለም ይላል።

እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። የአሜሪካ ፈረሰኞች ይህን ኮረብታ ባዩ በዓመቱ፣ በ1868፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ወጥቶ ብራናውን፣ ዘውዱንና ታቦቱን ጭኖ ወረደ። ያንን ዕቃ እስከ ዛሬ መልሱልን እያልን ነው። ገሏ ትንሽ ናት ቢባል፣ ከመቅደላ በወታደር ኪስ የወጣውም ትንሽ ትንሹ ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምለምናቸው ገሏን ራሳቸው ወስደው ኮረብታው ላይ እንዳይጥሏት ነው፤ ከቦታዋ ውጭ ብትወድቅ ሌላ ስሕተት ትሆናለች። ለቶንቶ ብሔራዊ ደን ጽሕፈት ቤት ያስረክቧት፤ ከየትኛው ግቢ፣ ከየትኛው ግድግዳ አጠገብ እንዳነሷት የሚያስታውሱትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ያያይዙላት። ልጆቻቸው ገሏን ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ እንዳለ በጽሑፉ ጠቅሰዋልና እሱንም ይጨምሩበት፤ ከጀርባቸው የሚታየው ግድግዳ ቦታውን ያሳውቃል።